ጋሽ ደግፌ ያረሙት ቀን

ቀን እንደ ሽሮ ሜዳ ሚኒባስ ነው፤ ሞልቶ አያውቅም። ረዳቱ ሁልጊዜ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው» እንዳለ ነው። ዘውድ የጫነ ንጉሥ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ዘውዱን የተነጠቀ ሌላ ንጉሥ ይደረብበታል፤ ከኋላ መርከብ ይሰምጣል፤ ከሾፌሩ ጎን ደግሞ ለዘመናት ሰው ሲፈጅ ለኖረ በሽታ መድኃኒት ያገኘ ሐኪም ለብቻው ፈገግ ብሎ ይጓዛል። እርስ በርስ አይተዋወቁም። አንዱ ከሌላው በመቶ ዓመት የሚርቅ ሰው ነው። አንድ ላይ ያጣበቃቸው ሌላ ምንም ሳይሆን የቀኑ ቁጥር ነው።

እኛ ደግሞ ቀን ላይ በመጫን የሚያህለን የለም። ባዶ ቀን አንወድም። ሠላሳውንም ለመላእክትና ለጻድቃን አከፋፍለን ስናበቃ፣ በላዩ ላይ ማኅበሩን፣ ዕድሩን፣ ቀጠሮውን እንደርብበታለን። ይህ አልበቃ ሲለን በፈረንጅ አቆጣጠር ደግመን እንቆጥርና አንዱን ቀን ሁለት ጊዜ እንኖረዋለን። ታዲያ እንዲህ በተጨናነቀ ቀን ውስጥ ሰው የራሱን ሐዘንና የጎረቤቱን ደስታ ሳያጋጭ እንዴት አድርጎ ያልፋል? እኔ ይህን ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ያስጠየቁኝ ጋሽ ደግፌ ናቸው፤ ጥፋቱ ግን ግማሹ የኔ ነው። ቀኑ የትኛው እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። የጥር ወር ነው፤ ከዚያ በላይ ብናገር የሚቆጡኝ ሴት አሉ።

ጋሽ ደግፌ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል፤ ማስተማራቸው የታወቀው በኔ ላይ ባይሆንም። ቤታቸው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ከፍ ብሎ ካለው የታክሲ መያዣ ጋር ነው፤ የጠዋቱ ሰልፍ የሚጠመዘዘው በአጥራቸው ሥር ነው። ሰው በጡረታው ንብ ያረባል፣ ጎመን ይተክላል፣ ፍርድ ቤት ይመላለሳል። እሳቸው ግን አንድ ትምህርት ቤት አርጅቷል ብሎ የጣለውን ጥቁር ሰሌዳ በጋሪ አስጭነው አመጡና አጥራቸው ላይ ሰቀሉት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እንደ ዱሮው ክራቫታቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይወጡና በዚያ የሚያምር የእጅ ጽሕፈታቸው «በዛሬዋ ቀን» ብለው ይጀምራሉ። በዛሬዋ ቀን እገሌ የሚባል ንጉሥ ነገሠ። በዛሬዋ ቀን ከባሕር ማዶ ያለ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ። በዛሬዋ ቀን ሁለት መንግሥታት የዘላለም ሰላም ተፈራረሙ፤ ዘላለሙም ሁለት ዓመት ቆየ።

የኔ ድርሻ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ጠመኔ አቀርብላቸዋለሁ። ስብርባሪ ነው፤ እንዳትከሱኝ። ሁለተኛው ሥራዬ ዓይናቸውን መሆን ነው። የዓይን ሞራ ከጀመራቸው ወዲህ ትልልቁን ፊደል መጻፍ እንጂ ትንንሹን ማንበብ አልሆነላቸውም። ስለዚህ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ሰልፈኛው ያርማል።

ሰልፈኛ ሲባል ደግሞ የጉለሌ ሰልፈኛ ነው። አንድ ሳምንት በጨዋነት አነበበ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ሰሌዳ ላይ የሰው አገር ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚነግሠውና የሚሞተው? እኛ ሰፈር ቀን የለም?» አላቸው። ጋሽ ደግፌ ሌሊቱን ሲያስቡበት አደሩና በማግስቱ ከአንድ የሩቅ ንጉሥ ሥር፣ «በዛሬዋ ቀን የሰፈራችን ቦኖ ውኃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለቀቀ» ብለው ጻፉ። አቤት የተፈጠረው ደስታ! ንጉሡን ያየው የለም። ከዚያ በኋላማ የሰፈሩ ሰው ታሪኩን ይዞ በራቸው ላይ ይሰለፍ ጀመር። አንድ ሰውዬ ጅብ ከእንጦጦ ወርዶ አህያቸውን የበላበትን ቀን አስመዘገቡ። ሲጻፍ አይተው ግን ቅር አላቸው።

«አህያ አይደለችም፤ በቅሎ ነበረች» አሉ።

«ማስረጃ?» አሉ ጋሽ ደግፌ።

«ማስረጃውን እኮ ነው ጅቡ የበላው!»

በቅሎ ተባለች። ጋሽ ደግፌ ያለ ሰነድ ያመኑበት ጊዜ ቢኖር ያ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ እሾህ ሲወጋቸው ከረመ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ስልኳን እየነካካች፣ «ጋሼ፣ ይሄ የጻፉት ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር የሆነው ትናንት ነው እኮ» አለቻቸው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበት ዓመት ሲያልፍ ቀኑ እንዴት በአንድ እንደሚገፋ ሊያስረዷት ጀመሩ። ሁለት ታክሲ ሞልቶ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ አምልጣ ገባች። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ ቀን የመሳሳትን ነገር እንደ ትልቅ ኃጢአት ያዩት ጀመር። «በታሪክ ውስጥ የአንድ ቀን ስህተት ማለት…» ብለው ይጀምሩና፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነግሩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የዕድሩ ኮሚቴ ያረጀውን የሟቾች መዝገብ በአዲስ ደብተር እንዲገለብጡ የለመናቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! መዝገቡን አይጥ ከዳር ከዳሩ በልታዋለች፤ ቢሆንም ሙሉ ነው፤ የሟች ስም፣ ያረፈበት ቀን፣ ጥሩምባ የተነፋበት ሰዓት። በየመሐሉ ከየሆስፒታሉ የመጣ ወረቀት ተጣጥፎ ተሰክቷል። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እኔ ሳነብ እሳቸው ሲጽፉ ቆየን። በሦስተኛው ቅዳሜ የአቶ ወልዴ ስም ላይ ደረስን።

አቶ ወልዴ የእትዬ አስካለ ባለቤት ነበሩ። አናጢ ነበሩ፤ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እትዬ አስካለ ዛሬም እዚያው ከኛ በላይ ባለው ጠባብ መንገድ ዳር፣ ለሸማኔዎቹ ጥጥ እየፈተሉ ይኖራሉ። መዝገቡን አነበብኩ፤ የተሰካውን የሆስፒታል ወረቀትም ዘርግቼ አነበብኩ። ጋሽ ደግፌ ብዕራቸውን አነሡ።

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት። ወረቀቱ ያረፉበትን ቀን መዝገቡ ከሚለው በአንድ ቀን ያስቀድመዋል። ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ማኅተም ያለበት።

ሰው ወርቅ ሲያገኝ አይቼ አላውቅም፤ ቢያገኝ ግን ፊቱ እንደ ጋሽ ደግፌ የሚሆን ይመስለኛል። «ሠላሳ ዓመት!» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ቀን ስናስበው!» የድሮው የዕድር ጸሐፊ ወረቀቱን ሲሰኩ ወይ አላዩትም፣ ወይ አይተው ዝም ብለዋል። አሁን ሳስበው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ሰውዬው ዝም አይነቅዝም የሚሉ ዓይነት ነበሩ። እኛ ግን ምሑራን ነን። እኔም ብሆን «ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ እትዬ አስካለን እንጠይቃቸው» የምትል አሳብ ብልጭ ብላልኝ ነበር። ጠመኔ ለማምጣት ስነሣ ጠፋችብኝ።

ቀኑ ደረሰ። ጋሽ ደግፌ ከአንድ የሩቅ አገር አብዮትና ከአንድ የድልድይ ምረቃ ሥር፣ ከሁሉ ጎላ አድርገው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «በዛሬዋ ቀን የሰፈራችን አናጢ አቶ ወልዴ አረፉ። ከዚህ ቀደም በማግስቱ ተብሎ የተመዘገበው በስህተት ነው።» ስህተት የምትለዋን ከሥሯ አሰመሩባት። ከዚያ እንደ ወትሯቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የአንባቢውን አድናቆት ሊቀበሉ ቆሙ።

ሰልፉ ላይ ሮማን ነበረች። ሮማን ሽሮ ሜዳ የነጠላና የጋቢ ሱቅ ያላት፣ ሃምሳን ልትደፍን ምንም ያልቀራት፣ ሳቂታ ሴት ናት። ያደገችው ከእትዬ አስካለ ጋር አጥር ተጋርተው ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከባሏና ከልጆቿ ጋር በዚያው ቤት ትኖራለች። አነበበችና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ዛሬስ አልተሳካልዎትም።»

«የቱ ላይ?» አሉ፤ አንገታቸው ቀና አለ።

«ጋሽ ወልዴ የሞቱት በማግስቱ ነው። ይሄ እንዴት ይጠፋኛል? ዛሬ እኮ የሰርጌ ቀን ነው! እትዬ አስካለ ከጠዋት እስከ ማታ ከድንኳናችን አልወጡም። ጥሩምባው የተነፋው በማግስቱ ንጋት ነው፤ እኔ አማቾቼ ቤት ሆኜ ነው የሰማሁት። እማዬ ‹ትናንት ቢሆን ምን ይውጠን ነበር› እያለች ፈጣሪዋን ስታመሰግን ነበር።»

«ሰነድ አለ» አሉ ጋሽ ደግፌ። «የሆስፒታል ማኅተም ያለበት።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተ! አንብብላት።»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እንዲያው አንዳንዴ ሰው ኪሱ በተቀዳደደ ሱሪ ነው መውጣት ያለበት። አነበብኩ። ሰዓቱንም ጭምር።

የሮማን ሳቅ ፊቷ ላይ ቀረ፤ ባለቤቱ ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል። «ያን ቀን ዓይናቸው አብጦ ነበር» አለች፤ ለማንም አይደለም። «ለመልሱ ድግስ የሚከተፈውን ሽንኩርት ሁሉ ‹ለኔ ተዉት› ብለው ጓሮ ተቀምጠው ሲከትፉ ዋሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ሲመጡ፣ ‹አስካለን ሽንኩርት አሸነፋት› ብለን ሳቅንባቸው። እኔም ስቄያለሁ። በቬሎ ሆኜ።»

በዚህ ጊዜ ታክሲ መጣ። ባዶውን ነው። ረዳቱ በር ከፍቶ ሦስት ጊዜ ተጣራ። አንድ ሰው አልተንቀሳቀሰም። በጉለሌ፣ በሁለት ሰዓት ጠዋት፣ ባዶ ታክሲ መጥቶ የሚሻማበት ሰው ያጣበት ቀን ካለ እሱ ቀን ነው፤ ያንን ግን የጻፈው የለም።

ሮማን ከሰልፉ ወጥታ ሽቅብ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሄደች። ጋሽ ደግፌ እጃቸው ላይ ያለውን ጠመኔ አዩት። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል፤ በእኛ ሰፈር ያወጣው ጠመኔ ነው። «ና» አሉኝ፤ ተከተልናት።

እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ሮማን ሰላም ሳትላቸው እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። እኛ ሁለት ወንዶች እንደ ጥፋተኛ ተማሪ በሩ ላይ ቆምን።

«እትዬ፣ ጋሽ ወልዴ መቼ ነው የሞቱት?»

እንዝርቱ አልቆመም። «ዛሬ በጠዋቱ ምን ነክቶሽ ነው? በሰርግሽ ማግስት ነዋ።»

«የሆስፒታሉ ወረቀት በሰርግሽ ቀን ይላል።»

«ሐኪሞች ቀን አያውቁም። ሌት ተቀን ሲሠሩ ይምታታባቸዋል።»

«በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ እትዬ!»

እንዝርቱ ቆመ። እትዬ አስካለ ቀና ሲሉ መጀመሪያ ያዩት ሮማንን አይደለም፤ ጋሽ ደግፌን ነው። ክራቫታቸውን አዩ፣ ጠመኔ የነካውን እጃቸውን አዩ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ገባቸው። ሠላሳ ዓመት «መምህር» እና «እርስዎ» ሲሏቸው የኖሩትን ሰው፣ «አንተ ሰውዬ!» አሏቸው። «ማን ጠየቀህ?»

ጋሽ ደግፌ ጠመኔ የነካውን እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ።

ከዚያ እትዬ አስካለ ተናገሩ። ሳያለቅሱ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንዝርቱን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

«ወንድሙ ነው ከሆስፒታል የመጣው፤ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። በሩ ላይ ሳየው ገባኝ። ነጠላውን ሊዘቀዝቅ ሲል እጁን ይዤ አስገባሁትና በሩን ዘጋሁት። በአጥሩ ወዲያ የናንተ ከበሮ ይመታል። እናትሽን አሰብኳት። አባትሽ ከሞተ ወዲህ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ለዚያ ቀን ያደረሰችሽ። እኔ አንድ ጊዜ አፌን ብከፍት ድንኳኑ ባዶ ነው። ሚዜው ይበተናል፣ ሙሽራውም መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሰው አፍ አለልሽ፤ ‹ሬሳ ያስወጣች ሙሽራ› እየተባልሽ ትኖሪያለሽ። ወልዴ እንደሆነ ሄዷል። ብጮህ አይሰማኝ። ሬሳው ሆስፒታል ይደር፣ አንድ ቀን ብይዘው ምን ይለኛል አልኩ። ሲኖርም የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ለእናትሽ የጀመረላትን ቁም ሣጥን እንኳ ሦስት ዓመት ይዞት፣ ሳይጨርሰው አይደል የሞተው?»

«ከዚያስ?» አለች ሮማን።

«ከዚያማ ወንድሙን መልሼ ላክሁት። ቀሚሴን ለበስኩና መጣሁ።»

«እማዬ አልጠየቀችዎትም? በየቀኑ ስለሳቸው ትጠይቅዎት አልነበር?»

«ጠየቀችኝ እንጂ። ገና ከድንኳኑ ስገባ፣ ‹አስካለ፣ ወልዴ እንዴት አደረ?› አለችኝ። እኔ ደግሞ መዋሸት አልወድም። ‹ዛሬስ አርፏል› አልኳት።» ጉልበታቸው ላይ የተጋደመውን እንዝርት አቃኑት። «‹እሰይ! እሰይ! እንኳንም አረፈ!› ብላ አቅፋ ሳመችኝና እልል አለች። ሴቱ ሁሉ ተቀብሏት እልል አለ። እኔም… እንግዲህ ብቻዬን ዝም ልበል? እልል አልኩ።»

ጋሽ ደግፌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ነገሥታት ሲሞቱ፣ ከተሞች ሲፈርሱ በዚያ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፈዋል፤ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ግን አይቼ አላውቅም። እኔ ያን ቀን የሃያ ምናምን ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ አግዳሚ ወንበር ስሸከምና ጠላ ስቀዳ ነው የዋልኩት። ያንን እልልታ ሰምቼዋለሁ። ከሁሉ እልልታ ረዘም ያለ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ «ደስ ብሏቸዋል» ብዬ ነበር።

ሮማን ግን ሌላ ነገር ነበር ልቧን የያዘው። «እኔ ደግሞ» አለች፣ «እኔ ደግሞ በየዓመቱ በዚህ ቀን ዳቦ ስልክልዎት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ! ‹የሰርጌ ቀን ነው፣ ይቅመሱልኝ› እያልኩ! ‹እንኳን አደረሰሽ› እያሉ ሲቀበሉኝ! በሐዘንዎ ቀን ደስታዬን ሳጎርስዎት!»

«ማን ጎረሰ?» አሉ እትዬ አስካለ፤ የተቆጡ መሰሉ። «ካንድ ቀን በቀር ቀምሼው አላውቅም። ያንን ቀን እንኳ የቀመስኩት ጨው በዝቶበት ይሆን ብዬ ነው።»

ሮማን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ልጄ፣ ዕድሩ የሚያውቀው ማግስቱን ነው። ቄሱም፣ ዘመዱም ማግስቱን ነው የሚያውቁት። አርባውም ሙት ዓመቱም የተቆጠረው ከማግስቱ ነው። ወልዴ በሞተበት በራሱ ቀን እኔ ምን ብዬ ልደግስ? ‹ለምንድን ነው?› ብባል ምን እላለሁ? ግራ ገብቶኝ በመጀመሪያው ዓመት ቁጭ ብዬ ሳለሁ ያንቺ ዳቦ በአጥሩ መጣ፤ ትኩስ፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረ። በነጠላዬ ቋጠርኩና እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። በወልዴ ስም ለነዳያን ቆረስኩት። በሁለተኛውም ዓመት መጣ። በሦስተኛውም። ባትልኪስ ብዬ ስንት ዓመት ሠግቻለሁ መሰለሽ! አንድ ጊዜ ወልደሽ ተኝተሽ ረሳሽ ብዬ ሳለሁ ባልሽን ላክሽው። የሱን ቀን ሠላሳ ዓመት ያስታወስሽለት አንቺ ነሽ እኮ።»

እንግዲህ ሮማን ያለቀሰችው ያኔ ነው። እትዬ አስካለ አባበሏት አልላችሁም፤ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና ፈትሉ እንዳይበላሽ እንዝርቱን ከእንባዋ ሥር አሸሹት።

«ሁለተኛ ይህን ቀን አላከብርም» አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ምን አልሽ?»

«እንዴት አከብረዋለሁ እትዬ? ካወቅሁ በኋላ?»

«ሰውዬውን በረሃብ ልትጨርሽው ነው? ለመሆኑ የዛሬው ዳቦ የታለ?»

«ቤት ነው። ጋግሬው ነው የወጣሁት። ሁልጊዜ ከሰዓት አይደል የምልክልዎት?»

«እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል!»

ጋሽ ደግፌ በዚህ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። «እትዬ አስካለ፣» አሉ፣ «እኔ ስህተት የማርም መስሎኝ ነው።»

እትዬ አስካለ ቁጣቸው በርዶላቸው ነበር፤ «እርስዎ»ም ተመልሶ ነበር። «መምህር፣ ስህተት አልነበረም። እኔ ነኝ ያቆየሁት።»

«መዝገቡ ላይስ የቱን ቀን ልጻፍ? አዲሱ ደብተር ላይ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ።» ይህን ሲጠይቁ በእውነት ጨንቋቸው ነው። ይቅር እንበላቸው፤ ሰው ሠላሳ ምናምን ዓመት የኖረበትን ሙያ በአንድ ጠዋት አይጥልም።

«ድሮ እንደተጻፈው ይጻፉት። ሰፈሩ ወጥቶ ያለቀሰለት በማግስቱ አይደል? የዛሬውን ለኔ ይተዉልኝ።»

ጋሽ ደግፌ ወደ ሰሌዳቸው ወርደው ያችን ጽሑፍ በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። አብዮቱንና ድልድዩን ተዉአቸው። ግን ዘንድሮ ጠመኔ ቢጠፋ ስልክ አይጠፋም፤ ሰልፈኛው ሁሉ ፎቶ አንሥቶ ሄዷል። ሮማን የተናገረችውንም የሰማው ሰምቷል። ከምሳ ሰዓት በፊት ወሬው ሽሮ ሜዳን አዳርሶ ተመልሶ ወደ እኛ መጣ፤ ሲመለስ ደግሞ አድጎ ነው። የሰፈሩ ሴቶች አንድ ባንድ በእትዬ አስካለ በር ይገቡ ጀመር። መግባት እንጂ ከገቡ በኋላ የሚባለው አልታወቀም። ለሠላሳ ዓመት ሐዘን «እግዜር ያጥናሽ» ይባላል? ጀግና ነሽ ይባላል? አንዷ ቸግሯት «እንኳን አደረሰዎት» ብላ ዘው አለች፤ የምትሰምጥበት ጉድጓድ ስትፈልግ እትዬ አስካለ፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ቁጭ በይ» አሏት። አሥረኛዋ እንግዳ ስትመጣ ግን በቃቸው። «እኔ እዚህ ቤት ለቅሶ አልተቀመጥኩም» ብለው ነጠላቸውን ለበሱና ዳቦውን ይዛ እንድትመጣ ወደ ሮማን ላኩብኝ።

አራት ሆነን ወደ እንጦጦ ወጣን። ሮማን ሱቋን አልከፈተችም። ዳቦውን የተሸከሙት ጋሽ ደግፌ ናቸው፤ ልቀበልዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመው አየር ሳቡ። በሌላ ቀን ቢሆን ስለ እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ታሪክ ይነግሩን ነበር፤ ያን ቀን የተናገሩት «ዳቦው ገና ትኩስ ነው» የሚል ብቻ ነው።

እንጦጦ ማርያም ቅጥር በር ላይ፣ ዓይናቸው የማያይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የእትዬ አስካለን ኮቴ ያውቁታል መሰለኝ፣ ገና ሳንደርስ «እናቴ መጡ?» አሉ። ሮማን ተንበርክካ ዳቦውን ቆረሰች፤ ሁልጊዜ የሚቆርሱት እትዬ አስካለ ነበሩ፣ ዛሬ ቢላውን ለሷ ሰጧት። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ቁራሽ ተቀብለው፣ «የወልዴን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን» አሉ፤ ስሙን ማንም አልነገራቸውም። ሮማን ይህን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ዘንድሮ ደግሞ አንድ ይጨመርበታል፣ አባቴ» አሉ እትዬ አስካለ። «ዳቦውን የጋገረችው ልጅ እዚህ አለች። ዛሬ የሰርጓ ቀን ነው። ትዳሯን ያጽናላት፣ ልጆቿን ያሳድግላት በሉልኝ።»

ሽማግሌው ተቃኑ። የሙታኑን ምርቃት በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱ ሰውዬ ለሕያዋኑ ጊዜ ወሰዱ። ከነባሏ፣ ከነልጆቿ፣ ከነሱቋ፣ ከነጎረቤቷ መረቁ። እኛም አሜን፣ አሜን እያልን ቆየን፤ ጋሽ ደግፌ ከሁላችንም ጮክ ብለው ነው አሜን የሚሉት። ምርቃቱ ሲያልቅ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ቆዩ።

«አባቴ፣ ተቀብለዋል እኮ» አሉ ጋሽ ደግፌ በትሕትና።

«የተቀበልኩት የለቅሶውን ነው» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ሳያጥፉ። «የሰርጉስ?»